ስክሪኑን ያጨለመው ማነው?

ሰኞ፣ ቀን 4

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በአሥራ አንድ ቀን ነው። እሺ፣ ዘጠኝ ወር ፈጅቷል። ግን ልቤን ሰጥቼ የተማርኩባቸው ቀኖች ቢደመሩ ከአሥራ አንድ አይበልጡም፤ በቀሩት ክፍሉን ሳስቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሰን ወደ ደብዳቤ ጽሕፈት ስንሻገር የማታ ትምህርት አስተማሪዋ ይህን ደብተር ሰጠችኝ። "ጋሼ፣ በየጊዜው ካልጻፉበት እጅዎ ይረሳል" አለችኝ። ሁለት ሕግ አላት። አንደኛ፣ ቀን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሲሳሳቱ አይፋቅ፣ ገጽም አይቀደድ። አንድ መስመር ይሰመርበትና ከሥሩ ይነበብ። "ምን አስበው እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ" ትላለች። የሰው ሐሳብ ምን ያደርግላታል? ብቻ ሕግ ነው፣ እንይዘዋለን።

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሃያ ስድስት ዓመት ትኬት ቀድጃለሁ። ፊልሙ ደህና ነው ወይስ አይደለም ብሎ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው። "ዳኛው" የተባልኩትም ለዚህ ነው። ፍርዴን እስከ ዛሬ በአፌ ነበር የምሰጠው። ዛሬ ባለሲኒማዋ እትዬ በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ አሰቀሉልኝ። የመጀመሪያው የጽሑፍ ፍርዴ ይኸው፤ ከሰሌዳው የገለበጥኩት፦

"አምስተኛው ዘንዶ። ብዙ ወጪ የወጣበት ፊልም ነው፤ ወጪው ዘንዶው ጥርስ ላይ ይታያል። ጠንቋዩ ተራራ በጣቱ ያነሣል፣ ነገር ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሩ ይሄዳል። የቀሩት አራት ዘንዶዎች የት እንዳሉ አልተነገረንም፤ ለሚመጡት አራት ፊልሞች ተቀምጠው ይሆናል። ይታይ። ዳኛው።"

ሰው ቆሞ አነበበው። የእኔን ጽሑፍ! አንዷ ጮክ ብላ ስታነበው ሌላ ፊልም እየተመለከትኩ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ቀን 7

ዘንዶውን ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ዋሻው ውስጥ ያለው ውጊያ ጭራሽ አይታይም። ሰይፍ ከሰይፍ ሲጋጭ ይሰማል፣ አንድ ሰው ያቃስታል፣ ማን ማንን እንደወጋ ግን ዘንዶው ይወቀው።

ሻማን ያዝኩት። ሻማ ማሽን ክፍል ሆኖ ፊልሙን የሚያጫውተው ጓደኛዬ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አናቱ ላይ አንዲት ጭብጥ ፀጉር እንደ ክር የቆመች። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የእኔን ያወጣው እሱ ነው።

"አምፖልህ አርጅቷል" አልኩት።

"ባለፈው ወር ነው እኮ አዲስ ያስገባሁት። የሠራበት ሰዓት ሁሉ መዝገቡ ላይ አለ፣ ውጣና እይ።"

"ወረቀት የጫኑበትን ይሸከማል።"

"ማንበብ ከቻልክ ወዲህ ወረቀት ማመን ተውክ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። "ዳኛው፣ ዋሻው ውስጥ እኮ ሰባት ችቦ ይነዳል።"

ረጅም ጊዜ አየኝ። እንዲህ የሚያይ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።

ቅዳሜ፣ ቀን 9

ቸኩያለሁ። የትኬቱ ሰልፍ መንገድ ደርሷል።

ቤት ያለውም አምፖል ደክሟል። ባለሱቁ አሮጌ ሸጦልኛል፣ እጣላዋለሁ። የመንገዱም መብራት ዙሪያውን ጭጋግ ይዞታል። ሁሉም ተስማምተው ነው እንዴ?

አረንጓዴዋ የደብተር ቦርሳዬ ዚፗ ተበላሸ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩን ዚፕ ሁሉ ስትቀይር ትውላለች፣ የባሏን ግን "ጊዜ ሳገኝ" ብላ በጥቁር የጫማ ክር አሰረችልኝ።

ማክሰኞ፣ ቀን 12

ሰሌዳዬን ሰው ነክቶታል!

ትናንት ስለ "የጥቁር ውሃ ሠራዊት" እንዲህ ጽፌ ነበር፦ "ሦስት ሺህ ወታደር አርባ ቀን በባሕር ላይ ሲሄድ አንድም የራበው የለም። ንግሥቲቱ ቀይ ካባዋን ለብሳ ስትሰምጥ ግን ሆድ ያባባል። ይታይ።" ዛሬ ስመጣ "ቀይ" የምትለዋ ጠፍታ "አረንጓዴ" ተብሎ ተጽፏል። ደግሞ የእኔን እጅ አስመስሎ! የእኔ "ረ" ወደ ግራ ትደገፋለች፤ እሱም ወደ ግራ አስደግፏታል።

ትኬት ሻጯን ጠየቅኳት። "ጋሼ ዳኛው፣ ካባዋ እኮ አረንጓዴ ነው" አለችኝ።

"አንቺ ትኬትሽን ሽጪ" አልኳት።

እሷ አይደለችም፣ የእሷ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ነው። አስተማሪዋም አይደለችም፣ እሷ ብትሆን መስመር ታሰምር ነበር። ስጽፍ ከኋላዬ ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሻማ። ሃያ ስድስት ዓመት ፊልም ያየሁት በከንቱ አይደለም። በእነዚህ ትልልቅ ፊልሞች ውስጥ ከሃዲው ከሩቅ አይመጣም። ንጉሡን ፈረስ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሰልፉ ላይ አንዱ ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁ፦ "ትናንት በአውቶቡስ ትኬት አስገባኝ እኮ!" ሳቁ። ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ሰዉን ልፈትን ብዬ።

ሐሙስ፣ ቀን 14

ከቀኑ ፊልም በኋላ ክፍል ገባሁ። አስተማሪዋ ከኋላ ወንበር አንሥታ ፊት አስቀመጠችኝ። ከሰው እገለብጣለሁ ብላ ይሆናል።

"ጋሼ፣ ፊደሎችዎ ለምን እንዲህ አደጉ? በአንድ መስመር አራት ቃል ብቻ?"

"በደንብ ስለምመግባቸው ነው" አልኩ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ ወደ ዓይኔ ጠጋ ብላ አየች። ሁሉም ሰው ሰሞኑን ለምን ወደ ዓይኔ ይጠጋል?

የዛሬው ትምህርት አቤቱታ አጻጻፍ ነው። "አቤቱታ ማስረጃ ይፈልጋል" አለች። "ማን? መቼ? የት? እርስዎስ በምን አወቁ? 'ይመስለኛል' የሚል አቤቱታ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚገባው።" የቤት ሥራው አንድ አቤቱታ ጽፎ መምጣት ነው።

እኔ ከየትም ፈጥሬ አልጽፍም፣ በእጄ ያለ ጉዳይ አለኝ። "የማሽን ክፍሉ ሠራተኛ አዲሱን አምፖል በአሮጌ የለወጠው ይመስለኛል" ብዬ ጻፍኩ። ማታውኑ ጨርሼዋለሁ።

ዓርብ፣ ቀን 15

ወረቀቴ "ይመስለኛል" በምትለዋ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባት ተመለሰች። ከጎኗ አንዲት ቃል፦ "ማስረጃ?"

እስካሁን ቁጭ ብዬ ሳስብ ነበር። ባለቤቴ የልብስ መስፊያ መኪናዋን ዘግታ ተኝታለች፣ ጠረጴዛው ላይ ከደብተሬና ከቦርሳዬ በቀር ምንም የለም። ይህ አምፖል ደግሞ ይባስ ብሎ ደክሟል፣ አፍንጫዬ ወረቀቱን ሊነካ ነው።

አሁን አስታወስኩ።

ማክሰኞ ዕለት ሻማ በኋላ በር ሲወጣ አይቼዋለሁ። በዓይኔ በብረቱ። ቦርሳ ይዞ ነበር። አረንጓዴ ቦርሳ። ዚፑ የተበላሸ፣ በጥቁር የጫማ ክር የታሰረ። ውስጡ ክብ ነገር ወጥሮታል፣ ልክ አምፖል የሚያህል። ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየና እንደ ድመት ሾለከ።

እንዴት እስከ ዛሬ ረሳሁት? ይገርማል። ግን ሲጻፍ እንዴት ያምራል! ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ በሦስተኛው ሻማ ሲሾልክ ታየኝ።

ሰኞ፣ ቀን 18

አሥር ከአሥር! "የቦርሳው ዝርዝር በጣም ያሳምናል" ብላ ጻፈችበት። ለክፍሉም አነበበችው። የቤት ሥራ መስሏታል።

የቤት ሥራም ነው።

ረቡዕ፣ ቀን 20

አቤቱታውን በደብዳቤ ገልብጬ ለእትዬ ሰጠኋቸው። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፤ እጄ ላይ ሲከብድ ሊታይ ይገባ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"አይተኸዋል?" አሉኝ።

"በዓይኔ በብረቱ፣ እትዬ።"

"ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው።"

"እኔ ሃያ ስድስት ነኝ" አልኩ።

ሐሙስ፣ ቀን 21

ነገሩ እስኪጣራ ሻማን አገዱት።

ከማሽን ክፍል ደረጃውን ሲወርድ በሩ ላይ ነበርኩ። ቁልፉን ትኬት መሸጫው ላይ አስቀመጠ። ይሰድበኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሦስት የሚያስቁ መልሶች። እሱ ግን አጠገቤ ሲደርስ ቀስ ብሎ፦

"ዳኛው፣ በአዲሱ ፊልም ሰውዬው የሚነዳው መኪና ቢጫ ነው" አለኝና ሄደ።

ምን ማለቱ ነው? ዛቻ ነው? የምሥጢር ቃል ነው? ሌሊቱን ሁሉ ቢጫ መኪና ሲያሳድደኝ ሊያድር ነው።

ማክሰኞ፣ ቀን 26

ከሌላ ሲኒማ ቤት የተዋስነው ሰው እያጫወተ ነው። አዲስ ሰው፣ ያው ጨለማ! ስለዚህ ሻማ ሲሄድ ደህናውን አምፖል ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የመኪናውን ፊልም "ፍሬን የለሽ" ይሉታል። የጻፍኩት ይህ ነው፦ "ሠላሳ ሰው አንድ ሺህ ጥይት ተኩሶ ጀግናውን ሳተው። ጀግናው ከኋላው ሕንፃ ሲፈነዳ ዞር ብሎ አያይም። ቤት እየነደደ ዞር የማይል ሰው ወይ ጀግና ነው ወይ ደንቆሮ። ድምፁ ግን ወንበር ያንቀጠቅጣል፤ የነጩ መኪና ሞተር እንደ አንበሳ ያገሣል። ይታይ።"

ነጭ ብዬ የጻፍኩት እልህ ይዞኝ ነው። ሻማ ቢጫ ካለ ቢጫ አይደለም ማለት ነው ብዬ።

የወጡት ሁሉ ሰሌዳውን እያዩ ሳቁ። የሳቁት ግን በቀልዱ አልነበረም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያሳቀ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። አንዷ "ዳኛው ፊልሙን አይቶታል?" አለች። ጓደኛዋ "ተይው፣ ሰምቶታል" አላት።

እስከ ማታ ጠበቅኩ። "ነጭ" የምትለውን የነካት የለም። እንዲሁ ተሳስታ ልታድር ነው።

እሑድ፣ ቀን 1

ትኬት ሻጯ፦ "ጋሼ፣ አሁን አሁን ሰሌዳው ላይ የሚያወሩት ስለ ድምፅ ብቻ ነው።"

"ዘመናዊ ሂስ ነው" አልኳት።

ማክሰኞ፣ ቀን 3

አምፖል አቅራቢዎቹ አንዲት ባለሙያ ላኩልን። እትዬ፣ ትኬት ሻጯና እኔ አዳራሹ ውስጥ ቆምን። ባለሙያዋ እጅ የምታህል የብርሃን መለኪያ ይዛ ስክሪኑ ሥር ቆመች። የተዋስነው ሰው ማሽኑን ያለ ፊልም ከፈተው።

"ኧረ ዓይን ያሳውራል!" ብላ ትኬት ሻጯ ፊቷን ሸፈነች። እትዬም እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

እኔም ሸፈንኩ። ትንሽ ቆይቼ።

ባለሙያዋ የአምፖሉን ቁጥር ከሻማ መዝገብ ጋር አስተያየች። "የተገጠመው አዲሱ ነው" አለች። "ሰዓቱም በትክክል ተጽፏል። ብርሃኑ ከሚፈለገው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እንዲህ በጥንቃቄ የተያዘ ማሽን በየቦታው አላይም። የማን እጅ ነው?"

ትኬት ሻጯ ዞራ አየችኝ።

ሻማ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። ይመለስ ብዬ ልናገርም ነበር። እትዬ ግን ደብዳቤዬን ከኪሳቸው አወጡ። "እንግዲያ ቦርሳው ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?" አሉ። "አምፖል ካልሆነ ሌላ ዕቃ ነው። ሰው ባዶ ቦርሳ ይዞ በኋላ በር አይሾልክም።"

ዕቃ ቤቱ ደግሞ ሃያ ዓመት ተቆጥሮ አያውቅም። ምን እንደነበረ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም ነገር ጎድሏል ሊባል ይችላል።

ዓርብ፣ ቀን 6

ትኬት ሻጯ ቀሚስ ልታሳጥር ባለቤቴ ዘንድ ሄዳ ነበር። ምላሷ ከመቀስ ይፈጥናል። ደብዳቤውን ከእነ ቦርሳው፣ ከእነ ዚፑ፣ ከእነ ጫማው ክር ነግራታለች።

ቤት ስገባ ቦርሳዬ ልብስ መስፊያው መኪና ላይ ነበረች። ክሩ ተፈትቶ አጠገቧ ተጠቅልሏል። ባለቤቴ ቀና አላለችም። አዲስ ዚፕ ሰፋችባት። ስትጨርስ ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው፣ ይሥራ አይሥራ ለማየት።

"ወር ሙሉ ጊዜ አጥተሽ ዛሬ ከየት መጣ?" አልኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ዚፑን ዘግቼልሃለሁ" አለችኝ። "አፍህን ደግሞ ራስህ ክፈት።"

ምን እንደፈለገች አልገባኝም ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

እሑድ፣ ቀን 8

ሻማ ቤት ሄድኩ። በሩ ድረስ ብቻ። ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። አላንኳኳሁም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። የጠረጠረ ምን እንደሚሆን የሚል ተረት ግን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ቀን 11

ባለቤቴ ሥራዋን ትታ፣ እጄን እንደ ሕፃን ይዛ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው። ግድግዳው ላይ ፊደል የተጻፈበት ትልቅ ወረቀት ሰቅሏል።

"ፊደል ከሆነማ የተመረቅኩበት ነው" አልኩት።

የላይኛዋ "ተ" ናት፣ ባርኔጣ ታክላለች። እሷን አነበብኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጭጋግ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩና "ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ" አልኩ።

"አባባ፣ በተራ አልተጻፉም" አለ ሐኪሙ።

ከኋላዬ ባለቤቴ ሳለች። ጉንፋን የላትም።

"ብርሃን የደበዘዘብዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከአምስተኛው ዘንዶ" አልኩ።

"ከዓመት በላይ ነው" አለች እሷ። "ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባልኝ እሱ ነበር። አምና ተወው። ሰለቸኝ አለኝ፣ እኔም ሰለቸው ብዬ ዝም አልኩ።"

ሐኪሙ በትንሽ መብራት ሁለቱንም ዓይኖቼን አየ። የዓይን ሞራ ነው አለ። ሁለቱም ላይ አለ፣ የቀኙ ይብሳል። ይገፈፋል፣ በሚመጣው ወር ቀጠሮ ያዘልኝ። ከዚያ በኋላ ቀለሙም ንባቡም ይመለሳል፣ አይስጉ አለኝ። እኔ ግን ሰጋሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትናንት ነው፤ ገና ምንም ሳላነብ!

"ታዲያ እስካሁን ምን መስሎዎት ነበር?" አለኝ።

"ሰው እየቀነሰው።"

ከልቡ ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ቀን 12

የሐኪሙን ወረቀት ይዤ እትዬ ቢሮ ገባሁ። "ጨለማው ከእኔ ዓይን ነው፣ እትዬ። ሻማ በአምፖሉ አልበደለም" አልኳቸው። ይህን ለማለት አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። በኩራት ወጥቼ እሄዳለሁ ብዬ ነበር።

"ይማርህ" አሉኝ ከልባቸው። "በጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ቀድመን እናሳክምህ ነበር።" ከዚያ መሳቢያውን ስበው ደብዳቤዬን አወጡ። "እሺ፣ አምፖሉ አለቀ። ቦርሳውስ?"

የሐኪሙን ወረቀት አጣጠፍኩ።

"አረንጓዴ ብለሃል። የጫማውን ክር ሳይቀር አይተሃል።" ወረቀቱን ዝቅ አድርገው ፊቴን አዩ። "የንግሥቲቱን ካባ ቀለም ያልለየ ዓይን፣ ከኋላ በር የጫማ ክር እንዴት አየ?"

አሁን ነበር መናገር። አፌ ተከፍቶ ነበር። ውስጥ ግን ያቺ አሥር ከአሥር፣ ያ ክፍል ሙሉ ጭብጨባ፣ "ዳኛው ያየውን ነው የሚናገር" የሚለኝ ሰልፈኛ ሁሉ ቀድሞኝ ተሰለፈ።

"ፊልሙ ሊጀምር ነው፣ በሩ ባዶ ነው" አልኳቸው።

"ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችሁንም ፊት ለፊት እሰማለሁ" አሉ። "ቦርሳ ይዞ መውጣቱ እውነት ከሆነ ይሰናበታል። የእሱ እንጀራ አሁን በአንተ አፍ ላይ ነው፤ አስብበት።"

በፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ዘንዶ መጥቶ ቢሮውን ያቃጥል ነበር። በሚያስፈልግ ጊዜ አይመጣም።

ዓርብ፣ ቀን 13

ማሽን ክፍል ወጥቼ የሻማን መዝገብ ከፈትኩ። አፍንጫዬን አስጠግቼ አነበብኩ። ሰዓት፣ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ቁጥር። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሌላ ነገር ጽፏል፦

"ካባ አረንጓዴ። የመርከብ ሸራ ጥቁር። ፈረሱ ነጭ፣ ግንባሩ ቡኒ። ለዳኛው፣ በቀልድ መሀል።"

ፊልሙ አልቆ ስንወጣ ሁልጊዜ የሚለፈልፍልኝ ለዚህ ነበር። "ያ ነጭ ፈረስ አያምርም?" "ጥቁሩን ሸራ አየኸው?" እኔ ሊበልጠኝ የሚሞክር መስሎኝ አላዳምጠውም። አልሰማ ስለው ሰሌዳው ላይ ያርመው ነበር። ሰው እንዳይስቅብኝ። የእኔን "ረ" ወደ ግራ አስደግፎ፣ የሌላ ሰው እጅ እንዳይመስል።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ትኬት ሻጯ "ጋሼ፣ ደከመዎት?" አለችኝ። ደከመኝ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ቀን 14

ጠዋት ገባሁ። ሻማ ወንበሩ ላይ ነበር። ኮቱን በብረት አስተኩሶ ለብሶታል፣ ሊያባርሩት የጠሩት ሰው ለሠርግ እንደተጠራ ሁሉ። አላየኝም።

ቦርሳዬን እትዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አረንጓዴውን። ጥቁሩን የጫማ ክር ከኪሴ አውጥቼ ከላይ አደረግኩት። ከዚያ ወረቀቴን አነበብኩ። ማታ የጻፍኩት ሁለተኛው ደብዳቤዬ ነው፤ ፊደሎቹ ቡጢ ስለሚያክሉ አንዲቱንም አልሳትኩም። ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን አወቅህ፤ ሁሉን በየተራው። እትዬ ክሩን አንሥተው አዩት፣ ዚፑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። የተናገሩኝን ለጊዜው አልጽፈውም። ይገባኝ ነበር። ሰሌዳው ዓይኔ እስኪድን ይውረድ አሉ።

ሻማ ያኔ ነው የተናገረው።

"ሰሌዳው አይውረድ፣ እትዬ" አለ። "ሰው ለምዶታል።"

ቁልፉን መለሱለት። ኮሪደሩ ላይ ተከተልኩት። ይቅርታዬን በቀልድ ልጀምረው ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። "በድዬሃለሁ" ብቻ አልኩት።

"በድለኸኛል" አለ። "ሃያ ሦስት ቀን ቤት ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ በየቀኑ 'ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር?' ትለኛለች። እሷም አመነችህ እኮ፣ አንተ ከይሲ። እንዴት አድርገህ ብትጽፈው ነው?"

እጄን ዘረጋሁ። አልጨበጠኝም። ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ሳይዞር ቆመ።

"የዛሬው ዘንዶ ሰማያዊ ነው" አለ። "ክንፉ ጫፍ ላይ ብቻ ብርማ።"

ሄጄ ጻፍኩት። "ስድስተኛው ዘንዶ። ዳኛው ይህን ፊልም በጆሮው ሰምቶታል፤ የዘንዶው ትንፋሽ ማለፊያ ነው። ዘንዶው ሰማያዊ ነው፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ብርማ፤ ይህን ያየው ሻማ ነው። ይታይ።"

አሁን ቤት ነኝ። ወደ ኋላ ገልጬ ዓርብ ቀን 15 የጻፍኩትን አገኘሁት። መቅደድ አምሮኝ ነበር። የአስተማሪዋ ሕግ ሕግ ነውና አልቀደድኩም፤ አንድ መስመር አሰመርኩበት፣ ከሥሩ ይነበባል። በዚህ ደብተር ውስጥ ያሉት የቀሩት ስሕተቶቼ ሁሉ ስጽፋቸው እውነት መስለውኝ ነበር፤ ስለ ዓይኔም፣ ስለ አምፖሉም፣ ስለ ባለሱቁም። ያቺን ግን ስጽፋት አውቃት ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሻማን በኋላ በር ሲወጣ አላየሁትም። አስተማሪዋ ማስረጃ ስትለኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን አንሥቼ አስያዝኩት። ቦርሳው የእኔ ነው። የጫማውን ክር ያሰረችው ባለቤቴ ናት። ውስጧም አምፖል ኖሮ አያውቅም፤ የምይዝባት ይህን ደብተር ነው።